አንድ ቆጣሪ፣ ስድስት ጓዳ

የግቢ ጉዳይ፦ የአከራይና የተከራይ ጥያቄዎች፣ መልሱ ከደብረ ማርቆስ

የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ መሄድ ከጀመረ ወዲህ እኔም ሥራ በዝቶብኛል። ደረሰኝ በወጣ ቁጥር ደብዳቤ ይመጣል። ለአዲስ አንባቢ ያህል፦ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በደብረ ማርቆስ ሰፈሮች እየዞርኩ ቆጣሪ ሳነብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን ደግሞ ከጓሮዬ አራት ሰርቪስ ክፍል የማከራይ ሰው ነኝ። ሁለት ጊዜ ውሻ ነክሶኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

«ለአከራይ የሚሰጥ የመብራት ድጎማ አለ ወይ?»

«ይድረስ ለጋሼ። ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት የሆነኝ፣ እዚሁ ማርቆስ የምኖር እናት ነኝ። መተዳደሪያዬ ከግቢዬ ያሉት አምስት ክፍሎች ናቸው። በሁለቱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ልጆች፣ በአንዱ ልብስ ሰፊ፣ በሁለቱ ደግሞ የቀን ሠራተኞች አሉ። ቆጣሪው አንድ ነው፤ እሱም በሟቹ ስም። መብራት ለብቻ አላስከፍልም፣ ከኪራዩ ጋር ነው። ባለፈው ወር 1,140 ብር ከፈልኩ። አሜሪካ ላለው ወንድሜ በስልክ ሳማርር ‹እኔ የማከራየውን ቤት ጣሪያውን ብርድ እንዳያስገባ ባሠራ፣ ማሞቂያውን ብለውጥ፣ መንግሥት ወጪውን ይመልስልኛል፤ እናንተም ጠይቁ› አለኝ። ብጠይቅ የጠየቅኳቸው ልጆች ሳቁብኝ። እውነት እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም? ካለስ በየት በኩል ነው?»

እትዬ፣ ጥያቄዎ የሚያስቅ አይደለም። ወንድምዎም አልዋሹም። ግን የነገሩዎት ግማሹን ስለሆነ የቀረውን እኔ ልጨምርበት።

አሜሪካኖቹ በነሱ አቆጣጠር በ2022 ነሐሴ ወር አንድ ትልቅ ሕግ አወጡ። በዚያ ሕግ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት የኃይል ቁጠባ 8.8 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። ገንዘቡን የሚያድሉት ስቴቶቹ ስለሆኑ አንዱ ጋ የተጀመረው ሌላው ጋ ላይጀመር ይችላል። አንደኛው ፕሮግራም የቤቱን ዕቃ ለሚለውጥ ሰው ነው። ከውጪ አየር ሙቀት ስቦ ቤት ለሚያሞቅ ማሽን እስከ 8,000 ዶላር፣ ጣሪያና ግድግዳ ለማልበስ እስከ 1,600፣ የመብራት ሳጥን ለመቀየር እስከ 4,000፣ ለገመድ ዝርጋታ እስከ 2,500 ይሰጣል። ሁሉም ተደምሮ ለአንድ ቤት ከ14,000 አያልፍም።

ወንድምዎ ያላነሱት ይሄኛውን ነው። ለሚከራይ ቤት የሚታየው የባለቤቱ ገቢ ሳይሆን እቤቱ ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ገቢ ነው። ተከራዩ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ በታች የሚያገኝ ከሆነ ወጪው እስከተወሰነው የገንዘብ መጠን ድረስ ሙሉ ለሙሉ ሊሸፈን ይችላል፤ ከ80 እስከ 150 በመቶ ባለው መሀል ከሆነ ግማሹ። ብዙ ተከራይ ያለበት ሕንፃ ከሆነም ቢያንስ የግማሾቹ ገቢ በዚያ ልክ መገኘት አለበት። ከዚያ አከራዩ ይፈርማል፦ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ቤቱን ለዝቅተኛ ገቢ ሰው ያከራያል፣ ቤቱ ታደሰ ብሎ ኪራይ አይጨምርም፣ የተሻለ ከፋይ ለማስገባት ሲል ተከራዩን አያስወጣም። ከግብር ላይ ይቀነስ የነበረው ሌላው ጥቅም ደግሞ ቀድሞም ሰው ለሚኖርበት ቤት እንጂ ለሚያከራየው አልነበረም፤ እሱም በ2025 መጨረሻ ቆሟል። ለወንድምዎ ሲደውሉ «ምን ብለህ ፈረምክ?» ብለው ይጠይቁልኝ፤ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ይህን ሁሉ ያተትኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ ማሞቂያውን የሚገዛው አከራይ ነው፣ የማሞቂያውን ሂሳብ የሚከፍለው ተከራይ። አከራዩ «ለሰው ሂሳብ ብዬ ለምን?» ይላል፤ ተከራዩም «በሰው ቤት ላይ ለምን?» ይላል። ቤቱም እንደበረደ ይኖራል። መንግሥት ገንዘቡን በአከራዩ እጅ የሚያሳልፈው ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ነው፤ ያሰበው ግን ለተከራዩ ነው። የኛ ብርድ መከላከያ አቡጀዲ ኮርኒስ ስለሆነ ነገሩ ሩቅ ይመስላል። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ሌሊት ኮርኒሱን እንደ ሸራ ሲያስነፍሰው ተኝቶ ያዳመጠ ሰው ግን ጣሪያ ማልበስ ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ወደኛ ልመለስ። እኛ ዘንድ ደረሰኝ ተቀብሎ ገንዘብ የሚመልስልዎት የለም። ድጎማ ግን አለ። ታሪፉ ውስጥ ነው ያለው፣ ሁልጊዜም እዚያው ነበር። እርስዎ ሳያውቁት በየወሩ ሲደፉት ኖረዋል።

በቁጥር ላሳይዎ። የአሁኑ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ስለሚለዋወጥ እስከ ነሐሴ 2016 ስንከፍልበት የነበረውን ልውሰድ፤ እሱ ቆሞ ስለሚጠብቀን ለማስላት ይመቻል። ለመኖሪያ ቤት በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት (በሰፈር ባጭሩ «ኪሎ ዋት» የምንለው) አንዱ በ27 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ በትክክል 0.2730 ብር። ከ51 እስከ 100 ያለው 0.7670 ብር፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1.6250፣ ከ201 እስከ 300 ያለው 2 ብር። ከዚያም በላይ ይወጣል። ከታችኛው እርከን እስከ 2 ብሩ ድረስ ሰባት እጥፍ እንደሆነ ያስተውሉ። ያ ልዩነት ነው ድጎማው። አዲሱ ታሪፍ ሲወጣም ነገሩ አልተቀየረም፤ እስከ 50 ለሚጠቀም 75 በመቶ፣ እስከ 100 ለሚጠቀም 40 በመቶ፣ እስከ 200 ለሚጠቀም 4 በመቶ ድጎማ እንዳለው ተነግሯል። ከ200 በላይ ያለው ይህን አያገኝም። እንዲያውም በወር ከ200 በላይ ለሚጠቀም ቤት 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣበታል፤ እስከ 200 ያለው ከታክሱ ነፃ ነው።

አሁን የእርስዎን ግቢ እንይ። እርስዎን ጨምሮ ስድስት ጓዳ ነው። እያንዳንዱ በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል እንበል። ስድስቱም የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ የእያንዳንዱ ፍጆታ 12 ብር ከ29 ሳንቲም ያህል፣ የስድስቱ ተደምሮ 74 ብር እንኳ አይሞላም ነበር። ሁሉም በአንድ ቆጣሪ ሲያልፍ ግን ቆጣሪው የሚያየው 270 የሚጠቀም አንድ ሀብታም ቤት ነው። ለእርስዎ በጣም በሚያደላው መንገድ፣ እርከን በእርከን እየከፈልን ብናሰላው እንኳ 354 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ሁሉም በደረሰበት እርከን ዋጋ ከተመታ 540 ብር። አምፖሉ ያው፣ ሰዉ ያው፣ ጓዳው ያው። ቆጣሪ የሰው ቁጥር አያውቅም፤ ልብስ ሰፊውንና የቀን ሠራተኛውን ደምሮ ባለፎቅ አድርጓቸዋል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ካልነገርኩዎ ለሌላ ሰው መምከሬ አያምርም።

ጡረታ እንደወጣሁ አራቱን ክፍል ሳከራይ መብራቱን እንደ ሰፈሩ ልማድ በዕቃ አደረግኩት። ለአምፖል 60 ብር፣ ለቴሌቪዥን 50፣ ለምድጃ 120፣ ምጣድ ላለው 250። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከተከራዮቼ አንዷ፣ ሐኪም ቤት የምትሠራ ነርስ ናት፣ ባለመስመር ደብተር ይዛ በረንዳዬ ላይ መጣች። የአራቱን ተከራይ ክፍያ በአንድ መስመር ጽፋለች፤ ድምሩ 1,040 ብር። ከሥሩ «የወሩ ደረሰኝ» ብላ ባዶ ቦታ ትታለች። «ጋሼ፣ ይቺን ይሙሉልኝ» አለችኝ። ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ 612 ብር። በዚያ ላይ የኔው ቤት ፍጆታ፣ ማቀዝቀዣዬ ሳይቀር፣ ያለው እዚያው 612 ውስጥ ነው። ደብተሩን አየሁ፣ ደረሰኙን አየሁ፣ ዝም አልኩ። እሷ ግን ዝም አላለችም። «እርስዎ ቆጣሪ አንባቢ አልነበሩም?» አለች፣ በትሕትና። ባለቤቴ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ «የሰው ስታነብ ነው ያረጀህ፤ የራስህን መች አንብበህ!» አለችኝ። እስከዛሬም እንግዳ ሲመጣ ትደግመዋለች።

ልሰርቅ አስቤ አልነበረም። ግን ስሌቱን ሳላየው መኖሬ ለኔ የሚያዋጣ አለማየት ነበር። የዚያን ዓመት ትርፍ ከኪራይ ላይ እየቀነስኩ መለስኩላቸው። ከዚያ አራት ትንንሽ ቆጣሪ ገዝቼ ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለየክፍሉ አስገጠምኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና ልብ ይበሉ። እነዚያ ትንንሽ ቆጣሪዎች ጠብ አቆሙ፤ ማን ስንት እንደተጠቀመ ቁጭ ብሎ ይታያል። ሂሳቡ ግን በአንድ ሳንቲም አልቀነሰም። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የሚያነበው ዋናውን ስለሆነ ድምሩ አሁንም ላይኛው እርከን ላይ ነው የሚያርፈው። የግል ቆጣሪ ፍጆታውን በትክክል ያካፍልልዎታል፤ ድጎማውን ግን አይመልስልዎትም። ድጎማው የሚመለሰው በአገልግሎቱ የተመዘገበ ሌላ ቆጣሪ ሲገባ ብቻ ነው።

ለሱ ላመለክት ስሄድ ሌላ ነገር ተገለጠ። የቤቱ ካርታ በአባቴ ስም ነው። አባቴ ካረፉ አሥራ ስምንት ዓመታቸው። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት፣ ከሁለት እህቶቼ ስምምነት፣ ስም ማዛወር፣ ከዚያ ቆጣሪ። ከመስከረም የጀመርኩት ለፋሲካ ደረሰልኝ፤ የዘገየሁት በራሴ ስንፍና እንጂ በማንም አይደለም። ይህን የማወራው የእርስዎም ቆጣሪ በሟቹ ስም ስለሆነ ነው። ሌላውን ሁሉ ትተው መጀመሪያ ስሙን ያዙሩ። ወራሽነቱን ያስወስኑ፣ ካርታውንና መታወቂያዎን ይያዙ፣ የቆጣሪ ደንበኝነቱን ወደ ራስዎ ስም ያስገቡ። ተጨማሪ ቆጣሪ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ባለሙያ መጥቶ ግቢውን፣ የክፍሎቹን መግቢያና የውስጥ ዝርጋታውን አይቶ ነው የሚወስነው። ስለዚህ ከመምጣቱ በፊት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን አስጠርተው የየክፍሉን መስመር ያስለዩ። በኔ ግቢ አንዱ ሽቦ ከወጥ ቤት ተነስቶ በሦስት ክፍል ኮርኒስ ላይ አልፎ ሽንት ቤት ያበራ ነበር። ማን እንደዘረጋው አልጠይቅም፤ እኔ ነኝ።

ለአምስቱም ክፍል አምስት ቆጣሪ አይመኙ። እኔ ያገኘሁት ሁለት ተጨማሪ ነው፣ በቂዬም ሆነ። ዘዴው ምጣዱን ከአምፖሉ መለየት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ለሁለት ሰዓት ሳይጠፋ ከጋገረ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴ፣ በወር ስምንት ጊዜ ቢሉት 56። አዩ? አንድ ምጣድ ብቻውን ከ50ው እርከን ያስወጣል። ስለዚህ በኔ ግቢ ምጣዱ የጋራ ነው፤ የተሰካውም በኔ ቆጣሪ ላይ ነው። ክፍሎቹ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና የቡና ምድጃ ብቻ ስላላቸው ሁለት ሁለት ሆነው በየቆጣሪያቸው ከ100 በታች ይውላሉ፤ የነርሷ መስመርማ አንዳንድ ወር ጎረቤቷ አገሩ ሲሄድ ከ50ም በታች ወርዶ አይቻለሁ። የኔው ደግሞ ከነምጣዱ 180 አካባቢ ነው፣ ታክሱ አይነካኝም።

መጋገሪያ ቀን ቅዳሜ ነው። ሊጡ በየባልዲው ተሰልፎ ይጠብቃል። ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሦስቱ ሴቶች አንዷ ስታወጣ ሌላዋ እያሰፋች፣ በአንድ ሙቀት ተከታትለው ይጨርሳሉ። በፊት እያንዳንዷ በየቀኗ ስታግለው የሚባክነው ሩብ ሰዓት በወር ቀላል አልነበረም። የመጨረሻዋ ሶኬቱን ነቅላ በትራፊው ሙቀት ሁለት ታወጣለች፤ አሁን በዚያ ላይ ነው ጠቡ፣ «የመጨረሻ ተራ የኔ ነው» እየተባለ። ለምጣዱ በትንሿ ቆጣሪ ላይ የታየው በጋገሩት እንጀራ ቁጥር ይካፈላል። የሚጽፈው ልብስ የሚያጥበው ልጅ ነው፣ በኖራ፣ ግድግዳው ላይ።

ይህን ስነግርዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቆጣሪው ተለይቶ ሂሳቡ ሲወርድ፣ መብራት ከኪራይ ጋር ስለሆነ ትርፉ ለእርስዎ ብቻ ይቀራል። ደግ ሰው መሆንዎ ከደብዳቤዎ ያስታውቃል፤ እስካሁን ሳያካፍሉ የከፈሉት እርስዎ ነዎት። ቢሆንም መብራቱን ከኪራዩ ለይተው ተከራዩ የራሱን ደረሰኝ ራሱ እንዲከፍል ቢያደርጉ፣ ኪራዩንም በዚያው ልክ ዝቅ ቢያደርጉ ይሻላል። ሰው የራሱን ቆጣሪ ሲከፍል አምፖል ሳያጠፋ አይወጣም። የዩኒቨርሲቲዎቹ ልጆች ውሃ ማፍያቸውን ምን ያህል እንደሚወዱትም ያኔ ያዩታል።

«ደረሰኝ አሳዩኝ ማለት ነውር ነው ወይ?»

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ከጓደኛዬ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አንድ አምፖልና አንድ ትንሽ ምድጃ አለን። አከራያችን ለመብራት በወር 350 ብር ይቀበሉናል። ደረሰኝ እንዳልጠይቅ ‹ከተጠራጠርሽኝ ውጪ› እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

ልጄ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን ላስላልሽ። ባለ 9 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ባለ 1,000 ዋት ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ከሆነ 30። ስልካችሁ እዚህ ግባ አይባልም። ሁሉም ተደምሮ 32 ያህል ነው። ይህን በደረሰኙ ላይ ባለው የአንዱ ዋጋ አባዢውና ከ350 ጋር አስተያዪው። ዋጋውን የምታውቂው ግን ደረሰኙን ስታዪ ነው፤ ነገሩም እዚያው ላይ ይታሰራል።

እንግሊዞች ይሄን በሕግ ዘግተውታል። አከራይ ለተከራይ መብራት መልሶ ሲሸጥ ከገዛበት ዋጋ በላይ ማስከፈል አይፈቀድለትም። በነሱ 2022 የብርድ ወራት ጋዝና መብራት ሲወደድ መንግሥት ለየቤቱ 400 ፓውንድ ከጥቅምት እስከ መጋቢት በስድስት ወር ከሂሳብ ላይ ሲቀንስ፣ ቆጣሪው በአከራይ ስም የሆነበት ቤት ብዙ ነበር። ቅናሹ በአከራዩ ኪስ እንዳይቀር ሌላ ደንብ አወጡና አከራዩ ተገቢውን ለተከራዩ እንዲያሳልፍ አስገደዱት። እዚያም አከራይ ያው አከራይ ነው።

እኛ ዘንድ ያለሽ መያዣ ውል ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆይ ይላል፤ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቀድሞ እንዳይቀበልም ይከለክላል። ውላችሁ ሲጻፍ «መብራት በደረሰኝ መሠረት ይካፈላል» የሚል አንድ መስመር አስገቢ። ወረቀት ላይ ካለ ጥርጣሬ አይባልም።

ውል ከሌላችሁ ደግሞ ይህን ሞክሪ። በሚቀጥለው ወር «እማማ፣ ሰልፍ ምን ያደርግልዎታል፤ የመብራቱን እኔ በቴሌብር ልክፈልልዎ፣ ከኪራዩ ላይ ያስቡልኛል» በያቸው። የደንበኝነት ቁጥሩን ይሰጡሻል። ስትከፍዪ የወሩ ሂሳብ ስልክሽ ላይ ይመጣል። ደረሰኝ አልጠየቅሽም፣ አልተጠራጠርሽም፣ ታዘዝሽ እንጂ። ሁለት ወር እንዲህ ካደረግሽ በኋላ «እማማ፣ ይቺ እኮ ለሁላችን ስትካፈል ይህን ያህል ናት» ለማለት ቡና የሚፈላበትን ሰዓት ምረጪ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ይሻላል፤ በአቦል ገንዘብ አይወራም።

«ለተከራይ አምፖል የሚገዛው ማነው?»

«ከሞጣ ነኝ። ተከራዬ የድሮውን ቢጫ አምፖል ነው የሚያበራው። ቆጣቢ ግዛ ብለው ‹ቤቱ ያንተ፣ አምፖሉም ያንተ› አለኝ።»

አያ፣ መብራቱን የሚከፍለው ማነው? እርስዎ ከሆኑ ዛሬውኑ ገዝተው በራስዎ እጅ ይግጠሙለት። ባለ 60 ዋቱ በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ባለ 9 ዋቱ ኤልኢዲ ከአንድ ተኩል በታች። ክርክሩ በገፋ ቁጥር ገንዘቡ ከእርስዎ ኪስ ነው የሚወጣው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል አሮጌውን አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢውን በነፃ ሲያድል ያስታውሱ ይሆናል። እኔ ያኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንዲት እናት የወሰዱትን አዲስ አምፖሎች ለልጃቸው ሠርግ ብለው በሳጥን ቆልፈው ሲያቆዩ፣ ቤታቸው ግን በኩራዝ ሲበራ አይቻለሁ። አሮጌዎቹን አስረክበዋል አይደል፤ አዲሶቹን ደግሞ ለማብራት ሳስተዋል። የተከራይዎን ቢጫ አምፖል ሲነቅሉ ግን ይዘውት ይሂዱ፤ ከተዉለት ተመልሶ ይሰቀላል።

«የካርድ ቆጣሪ አስገባሁ፤ ሦስት ተከራይ አለኝ፤ ካርዱ እኔ ጋ ይሁን ወይስ እነሱ ጋ?» (ከፍኖተ ሰላም)

ካርዱ እርስዎ ጋ ከሆነ ሌሊት በር ይንኳኳብዎታል። አንዱ ተከራይ ጋ ከሆነ «የሞላሁት እኔ፣ የምታበሩት እናንተ» ይመጣል። አንድ ግቢ የማውቀው እንዲህ ያደርጋል፦ በወሩ መጀመሪያ ሦስቱም እኩል አዋጥተው ይሞላሉ፣ ካርዱ በረንዳ ላይ በሚስማር ይሰቀላል፣ ከወሩ መጨረሻ በፊት ያለቀ እንደሆነ ትንንሾቹን ቆጣሪዎች አይተው የበላው ይጨምራል። ለበዓል ግን ዋዜማውን አይጠብቁ። የፋሲካ ቅዳሜ ማታ ዶሮው ተገነጣጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ ሳለ ሂሳቡ ያለቀበትን ግቢ አውቃለሁ። እንጀራው የተጋገረው በጎረቤት ነው፤ ጎረቤቲቱም እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስ ስታወራው ከረመች። ሐሙስ ይሙሉት።